እናቴ የሻረችው በዓል እና የእርስዎ ቀጠሮ

ለተከበሩ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፤ የሆስፒታሉን ስም ለክብሩ ስል ትቼዋለሁ።

እንደምን ሰንብተዋል? የበሽተኛው ብዛት የእርስዎን ጤና እንዳይነካው ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ከስማዳ ወገዳ የምጽፍልዎት ሴት፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔንም ሳይመረምሩ የነገሩኝ የክፍልዎ ባለሙያዎች ናቸውና አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ዓይን ማየት ይከብደኛል። ሠርግ ቤት ከበሮ ሲመታ ጆሮዬን ይዤ እሸሻለሁ። ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል ስለማላውቅ ዝም እላለሁ፤ ሰውም ልቧ ድንጋይ ነው ይላል። እናቴ እማሆይ ሐረገ ወይን ግን ምክንያቱን አውቃለሁ ባይ ነበረች። እኔን አርግዛ ሳለች፣ አውድማው ላይ ዝናብ ሲያስፈራራ፣ ኅዳር ሚካኤልን ሽራ ገብስ ወቅታ ነበር። መልአኩ የተቆጣው በልጄ ላይ ነው ብላ አመነች። ንስሐ አባቷ ቢፈቷትም እሷ ራሷን አልፈታችም፤ «በኔ ኃጢአት አንቺ ታሰርሽ» ትለኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጨው በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ስለ ኦቲዝም አነበብኩ፤ የተዘረዘረው ምልክት ሁሉ የኔ ነበር። ሰው ይዞት የሚወለደው እንጂ ከቁጣ የሚመጣ እንዳልሆነ ተጽፏል። ለእናቴ ባነብላት «ጋዜጣ ምን ያውቃል፣ ሐኪም ይበለኝ» አለች። ወደ እርስዎ የመጣሁት ለዚህ ነው፤ የገጠመኝንም በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ለኦቲዝም ምርመራ መምጣቴን ብነግረው የካርድ ክፍሉ ወጣት «እትዬ፣ ይሄ እኮ የሕፃናት ነው፤ እርስዎን አልፎዎታል» ሲለኝ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። አርባ ዓመት አብሮኝ የኖረ ነገር ሳላውቀው አልፎኝ እንደሄደ ስላበሠረኝ ምስጋናዬ ይድረሰው።

፪ኛ. ሐኪሙ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ታነቢያለሽ፣ ትናገሪያለሽ፣ ምን ጎደለሽ?» አሉኝ። እንኳን ቀና አላሉ፤ ዓይን ለዓይን ብንተያይ የሚጨንቀኝ እኔን ነበር።

፫ኛ. ቀጠሮዬ ለመጪው ዓመት ሆነ። በመካከሉ እናቴ አልጋ ላይ ስለዋለች፣ ቀኑ እንዲቀርብልኝ ልለምን ያን ሁሉ መንገድ ተመልሼ ብመጣ «በሽተኛዋ ማን ናት፣ እርስዎ ወይስ እናትዎ?» ተብዬ ተጠየቅሁ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። በሽተኛዋ እሷ ነበረች፤ መድኃኒቷም «አንቺ አላጠፋሽም» የሚል የሐኪም ቃል ብቻ ነበር። እኔ ብዙ ጊዜ ብያታለሁ፤ የኔ ቃል ግን ማኅተም የለውም።

እናቴ በየካቲት አረፈች። እስከ መጨረሻው ሚካኤልን ስለ ገብሱ ይቅርታ ስትለምን አጠገቧ ተቀምጬ እሰማ ነበር። በቀብሯም ላይ አላለቀስኩም፤ ሰው ያለውን አለ።

ያለ ምንም ጥድፊያ ስላስተናገዱኝ እጅ እየነሣሁ፣ ለእናትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለቀጠሮዎችዎ አጭር ዕድሜን የምመኝ፣ ታካሚዎ ለመሆን ተራዋን የምትጠብቅ

ፈትለወርቅ አለሙ
ወገዳ፣ ግንቦት ፳፻፮ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የቀጠሮው ወረቀት «ሕፃኗን ያሳደገ ወላጅ አብሮ ይቅረብ» ይላል። ሕፃኗ አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ በቀኑ ትገኛለች። ወላጇን ግን ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ማን እንደሚያስነሣልኝ፣ ቢቻል ከቀጠሮው በፊት፣ ቢያሳውቁኝ።