አቻ ተቀበይ

ጥር 9

በሃያ ሁለት እርምጃ ተሸነፍኩ።

ነጭ ይዤ። ለዚያውም በክለብ የቼዝ ጨዋታ፣ በደረጃ በጣም በምታንሰኝ ልጅ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ፈረሱን ትቼ ግንቧን ብወስድ ኖሮ... በቃ፣ አልወሰድኩም።

መኪናውን የሚነዳው ጋሼ ነው። ወንድሜ ነው፣ አሠልጣኜ ነው፣ የብሔራዊ ቡድናችንም መሪ ነው። በሦስቱም ይቆጣኛል። ቀይ መብራት ሲይዘን ስለ ማሽኑ፣ ጨዋታን በነጥብ ስለሚመዝነው ኮምፒውተር፣ ጀመረ።

«ማሽኑ ስንት እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ስንት?»

«ኔጋቲቭ ዜሮ ነጥብ ሰባት።»

«በስንተኛው እርምጃ?»

«በሁለተኛው።»

«በሁለተኛው! ወንበሩ እንኳ ሳይሞቅ!»

ምን አደረግኩ? ሁልጊዜ የማደርገውን። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ከንጉሤ ጎን ያለውን ወታደር በነጻ ሰጠሁ። ንጉሤ ይራቆታል። በምላሹ ፈረሶቼና ጳጳሶቼ ቶሎ ይወጣሉ፣ አጠቃለሁ። ድሮ ድሮ ሁሉም እንዲህ ይጫወት ነበር። ዛሬ በዓለም እስከ ሃያ ያለነው ሴቶች ውስጥ ይህን የምጫወት እኔ ብቻ ነኝ። አሥራ ዘጠነኛ ነኝ። አሥረኛ ያልሆንሽው በዚህ ምክንያት ነው ይሉኛል። አሥራ ዘጠነኛ የሆንኩትስ በምን ምክንያት ነው? እሱን የሚጠይቅ የለም።

ደግሞ ማሽን ማሽን ይሉኛል። ከማሽን ጋር መቼ ተቀመጥኩ? ከፊቴ የምትቀመጠው ሰው ናት። ጆሮዋ ይቀላል፣ ውሃ ትጠጣለች፣ በየደቂቃው ሰዓቷን ታያለች።

በር ላይ አወረደኝ። ደህና እደሪም አላለኝ።

ጥር 10

ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም።

አራተኛውን አነሳሁ። ለምን?

ጥር 14

የልምምድ ክፍላችን ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ነው። መሰርሰሪያው ሲጮህ የወንበሩ እግር ይነዝራል። ዛሬ ለየካቲቱ የአገሮች ውድድር የሚሄደው ቡድን በሙሉ ነበር። እኔ አንደኛ ሰሌዳ፣ ጠንካራዋ የምትቀመጥበት። መሐንዲሷ ሁለተኛ፣ ቀን ቀን ድልድይ ታሰላለች፣ አፏ አያርፍም። መንትዮቹ ሦስተኛና አራተኛ፣ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትጨርሰዋለች።

ጋሼ በወረቀት መምቻ የተያያዘ ጥራዝ ፊታችን ዘረገፈ። መቶ አርባ ገጽ። በነጭ የሚጫወቱት፣ ምንም የማይፈጠርበት የጨዋታ መክፈቻ። ወታደር በወታደር፣ ንግሥት በንግሥት ይለዋወጡና ከዚያ በኋላ ሃምሳ እርምጃ መተያየት ነው። መሐንዲሷ ወዲያው ስም አወጣችለት፤ «ግድግዳ።»

«ይሄን ከሆነ የምንጫወተው ትራስ ይዤ ልምጣ?» አለችው።

መንትዮቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«አንደኛ ሰሌዳ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይሸነፍም» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ላያሸንፍ ይችላል። ግን አይሸነፍም። አንቺ ከአሥር ጨዋታ ስድስቱን ታሸንፊያለሽ፣ አራቱን ትሸነፊያለሽ። ይሄኛው አሥሩንም አቻ ያወጣል።»

«አሥር አቻ እኮ አምስት ነጥብ ነው፣ ጋሼ። ስድስት ከአምስት ይበልጣል።»

«አራቱ የትኛው ቀን ላይ እንደሚወድቁብኝ ማን ያውቃል? አንቺ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ስከራከር፣ ስለምን፣ ስቆጣ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ጣቱን አነሳ።

«አንድ ጊዜ። በውድድሩ አንድ ጊዜ ብቻ የአንቺን ትጫወቻለሽ። ቀኑን የምመርጠው እኔ ነኝ።»

እሺ አልኩ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ምሳዋን ከበላች ከረሜላ እንደሚሰጧት ልጅ እሺ አልኩ! የበገንኩት ደረጃውን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ጥር 20

እማዬ ደወለች። ነግሯታል ማለት ነው።

«ታላቅሽ አይደል? አንቺን ብሎ እኮ ነው ሥራውን የተወው።»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ያንን ጨዋታሽንም ቢሆን ያስተማረሽ እሱ ነው።»

እውነቷን ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እሱ አሥራ ስድስት። አባዬ «እህትህን አጫውት» ሲለው ጓደኞቹ ኳስ ሜዳ ይጠብቁት ነበር። ቶሎ እንዲያልቅለት ይህን አሳየኝ። ወይ በአሥር ደቂቃ ያሸንፈኛል፣ ወይ በአሥር ደቂቃ ይሸነፍና ይገላገላል። የምሩን እሸነፋለሁ ብሎ ግን አላሰበም። አንድ ቀን ተሸነፈ። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ኳስ ሜዳውን ትቶ እልህ ተጋባ።

እማዬ ይህን አታውቅም።

«እሺ በይው» አለችኝ።

«እሺ ብዬዋለሁ።»

«እንግዲያ ምን ያስቆጣሻል?»

ምን ብዬ ላስረዳት?

የካቲት 2

ሆቴሉ ገባን። ምንጣፉ ረጥቦ የደረቀ ይሸታል። ጥራዙን በሻንጣዬ ያስገባልኝ እሱ ነው። እኔማ ረስቼው ነበር... አውቄ።

የካቲት 3

አቻ። ስልሳ አንድ እርምጃ። ተጋጣሚዬ ሁለት ጊዜ አዛጋች። እኔ ሦስት ጊዜ።

የካቲት 4

ጥቁር ይዤ አሸነፍኩ። ማንም ስለሱ አላወራም።

የካቲት 5

አቻ። ግድግዳ። ጋሼ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና «ጎበዝ» አለኝ። የሰው ውሻ እንደሚያባብል።

የካቲት 6፣ ጠዋት

ዛሬ የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ሁለት ለሁለት ከወጣን እናልፋለን። ተጋጣሚዎቻችንም እንደዚያው።

ቁርስ ላይ እንቁላሉን እየቆረጠ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ዛሬ ተጫወቺው» አለኝ።

«የቱን?»

«የአንቺን።»

ተነስቼ ጉንጩን ሳምኩት። ሰው ፊት። መሐንዲሷ ሹካዋን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ዞረች።

የካቲት 6፣ ማታ

በቁጣ ነው የምጽፈው። ብዕሩ ወረቀቱን እየቀደደው ነው።

ሁለተኛው ላይ ወታደሬን ሰጠሁ። ከፊቴ የተቀመጠችው መነጽራሟ ናት፣ በዓለም አራተኛ። ቀና ብላ አየችኝ። ወሰደችው። አሥራ አንደኛው ላይ ፈረሴን ሰጠሁ። አርባ ደቂቃ አሰበች። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ አደረገች፣ መልሳ አወለቀች። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ግንቤን ሰጠሁ። ንጉሧ መሀል ላይ ራቁቱን ቀረ። ከኋላዬ ተመልካች ተሰበሰበ። ለእሷ አራት ደቂቃ ቀራት፣ ለእኔ አሥራ ዘጠኝ።

ሃያ ሦስተኛው ላይ ንጉሧን አንቀሳቀሰችና «አቻ?» አለች።

እምቢ ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ከዳኛው ጋር መጣ። የቡድን መሪ ስለ ጨዋታው ትንፍሽ ማለት አይፈቀድለትም። የሚፈቀድለት አንድ ነገር ነው፤ ዳኛው እየሰማ «አቻ ጠይቂ» ወይም «አቻ ተቀበይ» ማለት። ሌላ ቃል ከጨመረ ይቀጣል።

«አቻ ተቀበይ።»

ዞሬ አየሁት። እሱ ከራሴ በላይ የሆነ ቦታ ያያል።

ሕጉ እምቢ ማለት ይፈቅድልኛል። «አይ» ማለት ብቻ ነበር! ሁለት ፊደል! እጄን ዘረጋሁና ጨበጥኳት። የእሷ እጅ በላብ ርሷል። የእኔ ደረቅ ነው።

አለፍን። ሁለት ለሁለት። መንትዮቹ ተቃቀፉ።

የካቲት 7

ጠዋት ጨዋታችን የቆመበትን አሰላለፍ ለማሽኑ ሰጠሁት። መጀመሪያ ሽንፈት አለኝ። ሳቅሁ፤ ምን ሌላ ይላል? ሻይ አፈላሁ። ስመለስ ቁጥሩ ተገልብጧል። አራት ደቂቃ ፈጅቶበታል፤ ግን አየው። ንግሥቴን ወደ ጥግ ባንቀሳቅስ መዳኛ አልነበራትም። እኔ ይህን ትናንት ወንበሬ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ሊፍት ውስጥ መነጽራሟን አገኘኋት። ሁለታችን ብቻ። እሷ ናት የጀመረችው።

«ሞቼ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔማ አቻ መሆኑን ረስቼው ነበር። ሃያኛው ላይ ነፍሴን ለማዳን ነበር የምጫወተው። መሪያችን መጥቶ ባያስታውሰኝ...»

«ምኑን ነው ያስታወሰሽ?»

ሊፍቱ ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ። አልወጣችም።

«ለአንቺ አልነገሩሽም?»

መሪዎቹ ከትናንት በስቲያ ማታ ኮሪደር ላይ ተስማምተዋል። አራቱም ሰሌዳ አቻ፣ ሁለቱም ቡድን ያልፋል። ሰባቱ ተጫዋቾች ያውቁ ነበር። ስምንተኛዋ እኔ።

መሐንዲሷን ክፍሏ ድረስ ሄጄ ያዝኳት።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር? ጡረታ ስወጣ?»

«ከነገርናት ሁሉን ታበላሻለች አለ። እውነቱን ነው፣ ታበላሺ ነበር።» ቀጥላ «ቁርስ ላይ ስትስሚው ግን ምግቡ አልወርድ አለኝ» አለች።

እኔም ያንን ቁርስ እያሰብኩ ነበር። እስከ ፍጻሜው ካሉት ስድስት የጨዋታ ቀናት አንዱን ሰጠኝ። ውጤቱ ያለቀለትን።

የካቲት 8

ሄድኩበት። ሸሚዝ እያጠፈ ነበር። ፊቴን ሲያይ ገባው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እምቢ ትያለሽ።»

«አዎ፣ እላለሁ!»

«እንግዲህ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ «እንግዲህ»!

«ያንን ቀን ለምን መረጥክልኝ?»

«ምንም ብትጫወቺ አቻ ነው፣ ጉዳት የለውማ። ደስ ይበልሽ ብዬ ነው።»

ደስ እንዲለኝ። ሕፃን እንዳያለቅስ ባትሪ የሌለው ሪሞት እንደሚያስይዙት።

«አሸንፌ ነበር እኮ» አልኩት። «ንግሥቲቱን ወደ ጥግ ብወስዳት አልቆላት ነበር። ስትመጣ አላየኸውም?»

«ምኑን?»

«ሰሌዳውን!»

«አላየሁትም።» እጅጌውን አስተካከለ። «ምን ያደርግልኛል? አቻ መሆኑ ታውቋል።»

መዋሸቱን ልችለው እችላለሁ። መስማማቱንም። አላየውም! ሠላሳ ሦስት ዓመት ይህን ጨዋታ ስጫወት ኖሬ፣ ከሁሉ የበለጠውን ተጫውቼ፣ ያስተማረኝ ሰው አንድ ሜትር ላይ ቆሞ ወደ ታች አላየም።

ልወጣ ስል ጠራኝ።

«እቱ። ነገ ግማሽ ፍጻሜ ነው። ግድግዳውን ትጫወቻለሽ። የአንቺን ብትከፍቺ፣ ብታሸንፊም ከነገ ወዲያ ሌላ ቡድን ፈልጊ። እህቴም ብትሆኚ።»

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ያንን በር በኃይል ብዘጋው ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 9

ስምንት ሰዓት ከሩብ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ከሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ጎን፣ ማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

የቡድኑ መሪ ነው የላከኝ። ሌሊቱን ለግድግዳው ሠላሳ አዲስ ገጽ አዘጋጅቷል። «አሳትመሽ አምጪ፣ ግማሽ ሰዓት እናየዋለን» አለኝ። ትናንት ምንም እንዳልተፈጠረ። ገጾቹ ያሉበትን ፍላሽ ተቀብዬ ወረድኩ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ታዘዘ።

ማተሚያው አርጅቷል። አንድ ገጽ፣ እረፍት። አንድ ገጽ፣ እረፍት። የመጀመሪያዎቹን አነበብኩ። ጥሩ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። አንድም ቀዳዳ የለውም። አንድም ቦታ የሚያስፈራ ነገር የለውም። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ «አቻ» ይላል፣ በደማቅ ፊደል፣ ከሥሩ ተሰምሮበት።

የተሰላፊዎች ዝርዝር ጠዋት ለዳኛው ገብቷል። አንደኛ ሰሌዳ፣ ነጭ፣ የእኔ ስም። አንዴ ከገባ እሱም ሊያወጣኝ አይችልም። ይህን ያወቅኩት አሁን አይደለም። ማሰብ የጀመርኩት ግን አሁን ነው።

ልሸነፍ እችላለሁ? እችላለሁ። የዛሬዋ ከመነጽራሟ ትብሳለች፣ ስትፈራ አይታይባትም። ብሸነፍ ቡድኑ ሊወድቅ ይችላል። መንትዮቹ ያለቅሳሉ። መሐንዲሷ ምሳ ላይ ውሃ ልትቀዳልኝ ጎንበስ ብላ «ከተሸነፍሽ የመጀመሪያዋ ረጋሚሽ እኔ ነኝ» ብላኛለች። ከዚያ ደግሞ «ግን ተጫወቺው።»

ከኋላዬ ቢመጣስ? ይምጣ። ዳኛውን ይዞ ይምጣ። «አይ» እለዋለሁ። እዚህ ተቀምጬ በአፌ ሞክሬዋለሁ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ «ምን አሉ?» ብላኛለች። ከዚያ በኋላ ቡድን የለኝም። እማዬም ትደውላለች። ትደውል።

አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ማተሚያው ተንጫጭቶ ቆመ። ወረቀት አለቀ።

«አንድ አፍታ ይታገሱኝ፣ ከጓዳ ላምጣ» ብላ ልጅቷ ገባች።

ፍላሹ እንደተሰካ ነው። አሥራ አራቱ ገጽ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ገና ይሞቃል። አዳራሹ በዋናው በር ወጥቶ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። ሰሌዳው ተደርድሯል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ቀድሜ ልቀመጥበት።

ልጅቷ እየመጣች ነው። ሄድኩ።