የአባባ ይመር ሀጃ

ሰኞ

ጫማዬ ውስጥ እንቁላል አለ። ካልሲዬም ውስጥ። ታጥቤ እንኳ ይሸተኛል።

ከአቀስታ የሚመጣው ሚኒባስ መካነ ሰላም ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ጭቃ አንሸራቶት በጎኑ ተኛ። የሞተ የለም፣ ተመስገን። ተሳፋሪዎቹን አይሱዙ ላይ ጭነው ድንገተኛ ክፍል ሲያወርዱልን ሁሉም ቢጫ ነበሩ። ዘነበች የምትባል ነጋዴ ለገበያ የያዘችው እንቁላል ሁሉም ላይ ፈሷል። ነርሱ ሰይድ "ዶክተር፣ ይሄኛው ቁስል ነው ወይስ ቁርስ?" እያለ ሲያስቀኝ ዋለ።

የተሰበረ ክንድ በጀሶ አሰርን፣ የተተረተረ ግንባር ሰፋን። ዘነበች "ሞቻለሁ እኮ! ወገቤ! አንገቴ!" እያለች ግቢውን አናወጠችው። ራጅ አነሳናት፤ ሰምበር እንጂ ሌላ የላትም። ግን አልወጣም ብላ አልጋ ያዘች።

አንድ ሽማግሌ ግን ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥግ ተቀምጠዋል። አባባ ይመር ይባላሉ።

"እንዴት ነዎት አባባ?"

"አልሃምዱሊላህ።"

"የት ጋ ነው የሚያመዎት?"

"አልሃምዱሊላህ፣ አፊያ ነኝ ልጄ። ይልቅ እነሱን እርጂ።"

ግራ ጎናቸው በልዟል። የደም ግፊታቸው ጥሩ፣ ሆዳቸው ለስላሳ። በአልትራሳውንድም አየኋቸው፣ ምንም የለም። ለማንኛውም ይደሩ አልኩ። ቅር አላቸው፤ እሁድ የልጃቸው የሐያት ኒካህ ነው። "እኔ ሳልኖር ማን ሊድራት ነው?" አሉኝ።

ማክሰኞ

ዘነበች ዛሬ ፀጉሯን ጭምር ያማታል። ፀጉሯን! ፊቴን አዙሬ ሳቅሁ።

አባባ ይመር፦ አልሃምዱሊላህ። ባለቤታቸው እትዬ ፋጤ፦ አልሃምዱሊላህ። የልብ ምታቸው ትንሽ ፈጠን ብሏል። ሰይድ "ልባቸው ሰርግ ቤት ቀድሟቸው ነው" አለ። ምሳቸውን አልነኩም፤ "ጠግቤ ነው" ይላሉ። ምን በልተው?

ደስ አላለኝም። እኔ የደጎሎ ልጅ ነኝ፤ እናቴ እግሯ ቢቆረጥ እንኳ "ተመስገን" ነው የምትለው። ሕመምን መዘርዘር ፈጣሪን መክሰስ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሕክምና ስንማር ደግሞ "ከሁሉ በፊት በሽተኛውን ጠይቁ" አሉን። ይኸው እየጠየቅሁ ነው! ግን "እንዴት አደሩ" እኛ አገር ጥያቄ መች ሆኖ ያውቃል፤ ሰላምታ ነው። መልሱም አንድ ብቻ ነው።

ደህና ካደሩ ነገ አስወጣቸዋለሁ።

ረቡዕ



ጠዋት መውጫቸውን ልፈርም ስገባ አባባ ይመር ጥምጥማቸውን አስረው፣ ከዘራቸውን ይዘው ተዘጋጅተዋል። እትዬ ፋጤ ጓዝ እየሸከፉ "ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ነው ያነጋው፤ የሰርጉ ሐሳብ ነው" አሉ፣ እንደ ዋዛ።

"ለምን አልተኙም አባባ?"

"አልሃምዱሊላህ።"

ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። በእኛ አገር ሰው ያለ እፍረት የጎደለውን የሚዘረዝርበት አንድ ቦታ አለ፤ ዱዓ ላይ። ሀጃውን፣ የልቡን ጉዳይ፣ ካልተናገረ ማን አሚን ይልለታል?

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "አባባ፣ ከመሄድዎ በፊት ዱዓ ያድርጉልን። መጀመሪያ ግን የራስዎን ሀጃ ያውጡ፤ እኛ አሚን እንላለን።" አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ ማንም አልገረመውም። ሰይድም እጁን ዘረጋ።

ፊታቸው በራ። "ያረቢ፣ ለልጄ ኒካህ በእግሬ አቁመኝ።" አሚን። "ያረቢ፣ መንገዱን አሳምርልን።" አሚን። "ያረቢ፣ ይቺን ጋደም ስል ግራ ትከሻዬን የምትወጋኝን ነገር አንሳልኝ።"

ሰይድ "አሚን" አለ። እኔ አሚኑን ረስቼ ብድግ አልኩ።

ትከሻቸውን አንቀሳቀስኩት፤ አያማቸውም። ሆዳቸውን ነካሁ፤ ጠጥሯል፣ የሰኞው ሆድ አይደለም። ትከሻው ምንም አልሆነም፤ ጣፊያ ሲደማ ነው ሕመሙ ግራ ትከሻ ላይ ወጥቶ የሚጮኸው። አልትራሳውንዱ ላይ ጣፊያቸው ዙሪያ ጠቁሯል፤ ደም ነው። "ዱዓውን እኮ አልጨረስኩም!" እያሉ ከነአልጋቸው እየገፋን ሮጥን።

ዘመድ ለደም ተሰለፈ። ሙሽራው መሐመድ መርፌ ይፈራል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ለገሰ። ቀዶ ሐኪሙ ጣፊያውን አውጥቶ ሲጨርስ "ዛሬ አስወጥተሻቸው ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ተወው። ከውኃ ሮቶው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ከዚያ የሁለት ሰው ሽሮ በላሁ።

ሐሙስ

አባባ ይመር ሙሉ በሙሉ ነቁ። የመጀመሪያ ቃላቸው "አልሃምዱሊላህ" ነበር። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ዛሬ ዙር ላይ ማንንም "እንዴት አደሩ" ብዬ አላለፍኩም፤ ሁሉንም ሀጃውን ጠየቅሁ። ዘነበች ጋ ስደርስ የፀጉሯን ነገር ጠብቄ ነበር። እሷ ግን "ዓይኔን ስጨፍን መኪናው ይገለበጣል" አለችኝ። "መኪና ስሰማ ጉልበቴ ይከዳኛል። እኔ መንገድ ካልወጣሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ?"

ማክሰኞ በመሳቄ አፈርኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይሄም ሕመም ነው፣ ስሙም መድኃኒቱም አለው፣ አብዛኛውን ሰው ይለቀዋል አልኳት። አለቀሰች። ሰይድ "አብሽሪ" አላት። ከሰዓት በኋላ፣ መኪና እንድትለምድ፣ ግቢው ውስጥ የቆመው አምቡላንስ ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ፣ እጇን ይዤ ተቀመጥን። ሞተሩ አልተነሳ፣ ምንም የለም። ላብ በላብ ሆነች፤ ግን አልወረደችም።

ቅዳሜ

ትናንት የአባባ ይመር ትኩሳት ከፍ ብሎ አስጨንቆኝ ነበር። ዛሬ ወረደ። እፎይ።

ሌላ ጭንቅ መጣ። "ነገ ለኒካሁ ደርሼ ልመለስ" ይላሉ። በዚያ መንገድ! አይሆንም አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አንጀቴን በሉት። ልጃቸው ሐያት ከበሩ ላይ ሆና "ታዲያ ኒካሁ ለምን አይመጣም?" አለች። እንዴት እስካሁን አላሰብነውም?

እሁድ

ኒካሁ ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ታሰረ። አባባ ይመር በወንበር ተደግፈው ልጃቸውን ለመሐመድ ሰጡ። "ደሙን ቀድሞ ሰጥቶኛል፣ እንዴት እከለክለዋለሁ?" አሉ። አርብ የወጣችው ዘነበች በባጃጅ መጣች። በባጃጅ! "ዓይኔን አፍጥጬ ነው የደረስኩት" አለችኝ። የቀቀለችው እንቁላል አንድም አልተሰበረም።

ሰው ሲበተን ወደ አባባ ጠጋ አልኩ። "እንዴት ዋሉ?"

"አልሃምዱሊላህ" አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና "ሀጃም አለኝ" አሉ። ስፌቱ ያሳክካቸዋል። ወጡ ጨው የለውም። የጎናቸው በሽተኛ ያንኮራፋል፤ ወላሂ እንደ አይሱዙ ነው። ትከሻቸው ግን ለቋቸዋል። እንዲህ ደስ ያለኝ ስሞታ ሰምቼ አላውቅም።

"ደግሞ ያን ዕለት ያቋረጥሽኝ ዱዓ አለ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። "ያረቢ፣ ለዚች ልጅ ጥሩ ባል ስጣት፤ እንቅልፍም ስጣት።"

አሁን አልተነሳሁም። እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አሚን አልኩ።