ሙሴ ኦክታቭና ንፋሱ

ሶላንዥ፣ ከኮረብታማዋ ኮሬዝ ሰላም ብዬሻለሁ። መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ግማሽ ቀን ብስክሌት ስነዳ ያለፈኝ አንድ ትራክተር ብቻ ነው። የእኛ ከተማ ሊል ሜዳ ስለሆነች ጉልበቴ እዚህ ዳገቱ ላይ አሳፍሮኛል።

ዛሬ ዳገቱ አናት ላይ አንድ ሽማግሌ ብስክሌታቸውን አጋድመው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ሣር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስማቸው ኦክታቭ ነው። ባለቤታቸው ማዶ ባለው መንደር፣ በአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ስለሚኖሩ በየቀኑ ሊጠይቋቸው ይሄዳሉ።

“የመኪናውን ቁልፍ ልጆቼ ቀሙኝ፤ ብስክሌቷን ረሷት” አሉኝ።

አምቡላንስ ልጥራ ብላቸው፣ “ከጠራህ ልጆቼ ብስክሌቷንም ይወስዷታል። ይልቅ ውሃ ካለህ አቀብለኝ፣ ልጄ” አሉ።

ጠጥተው ትንሽ አረፉና ተነሡ። ቁልቁለቱን ከኋላቸው ቀስ እያልኩ ተከተልኳቸው።

ባለቤታቸው ማዳም ኢቮን የማረፊያው በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

“አረፈድክ። ምን ሆነህ ነው?”

“ንፋሱ ነዋ፣ የኔ እመቤት።”

“የምን ንፋስ?” አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ቅጠል እንኳ የሚያንቀሳቅስ ንፋስ አልነበረም።

“ዳገቱ አናት ላይ ይነፍስ ነበር፣ ማዳም” አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ የባላቸውን ግንባር በመሐረባቸው እየጠረጉ፣ “ነገም ከነፈሰ እንዳትመጣ። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም” አሏቸው።

እኔም ውሃዬን ሞልቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽንና ወንድምሽን ባስትያንን ሳሚልኝ።

ጋስፓር