የራሴን ለቅሶ ደረስኩ

አዋሳ፣ ግንቦት 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ብርድ ሲሆን የሚያምሽ ቀኙ እንደነበረ አልረሳሁም። ይርጋለም ዝናቡ ገብቷል አሉ፤ እንሰቱ እንዴት ይዟል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይሄን እንደ ሰላምታ እንዳታልፊው። በሕይወት አለሁ ማለቴ ነው። በየገናው የላክሁልሽን ካርድ አንዱንም እንዳልመለስሽ አውቃለሁ፤ ይህቺን ግን እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ቢሆነኝም ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። ዓርብ ዓርብ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ፣ እዚያው እያደርኩ የሚመጡትን እናቶች አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሩቅ ገጠር በቃሬዛ የመጡ አንዲት አሮጊት ሌሊቱን አረፉ። የሚያለብሳቸው ዘመድ አልነበረም። የእኔን ነገር ታውቂያለሽ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሙት ባዶውን ሲወጣ አይቼ ዝም ብዬ አላውቅም። እናታችን ስትቆጣኝ የኖረችበትን ነጠላ ሁሉ የጨረስኩት እንደዚያ ነው። አሁንም ያቺን ጠርዟ አረንጓዴ የሆነ ጋቢዬን አውልቄ ከፈንኳቸውና ወደ አገራቸው በፒክአፕ ሸኘኋቸው። እኔ ሥራዬን ልጨርስ እዚያው ቀረሁ።

መኪናዋ በሠፈራችን በኩል ስታልፍ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አቶ ተፈራ ጋቢዬን አየ። ከየት ነው ቢለው ሾፌሩ ከቡሹሎ ብሎት አለፈ። በቃ! ደግሞ የሬሳ ፊት ገልጦ የሚያይ ማን አለ? ጥሩምባውን አንስቶ፣ ሲስተር ታቢታ አርፋለችና ውጡ እያለ ሠፈሩን ዞረው። ሬሳውስ ሲሉት፣ ሆስፒታል አድርሰው ያመጧታል አላቸው። ያ ወንድሙ የሚባለው የይርጋለም መስመር ሚኒባስ ነጂ ይሄን እንደሰማ ወንበሩ ሳይሞላለት ወደ ይርጋለም ወጣ ብለውኛል።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጋሪ ስመለስ ደጃፌ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጎረቤቴ ባለሱቋ ፈትያ የሞተች መሰለኝ፤ ደም ብዛት አለባት። ጨው ቀንሺ ብዬ ስጨቀጭቃት የኖርኩት ትዝ አለኝና ከጋሪው ሳልወርድ እንባዬ ወረደ። ጠጋ ስል ፈትያ ደረቷን እየደቃች አያታለሁ። ደግሞ የምትጠራው ስም የእኔ ነው! እኔ ስንቱን መርዶ ያረዳሁ ሴት፣ የራሴን ስሰማ ከድንኳኑ ጀርባ ዞሬ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ።

የእድሩ ዳኛ የሕይወት ታሪኬን ያነባል። ስድስት ሺህ ሕፃን አዋልዳለች አለ፤ ማን ቆጠረው? በደርግ ጊዜ ወጣቶችን አልጋ ሥር ደብቃ አተረፈች አለ። አንድ ልጅ ነው፤ እሱንም የእርጉዝ ቀሚስ አልብሼ ከወላዶች ጋር ነው ያስተኛሁት። ኤድስ የመጣ ጊዜ ቤተሰብ ከሸሻቸው ጋር ባንድ ትሪ በላች፣ የሠፈሩ ምንጭ እንዲጎለብት ቀበሌውን ስትመላለስ ጫማ ጨረሰች አለ። ይሄ እንኳ ልክ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ድንጋጤዬ መሐል ደስ ይለኝ ጀመር። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ፣ ታቢታ ተጠርታ የዘገየችበት አንድ ቀን የለም አለ።

ደስታዬ እዚያው ደረቀ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መዝሙር ሊያነሱ ሲሉ ከሴቶቹ መሐል አንዲቱ ጮኸች፤ በሲዳምኛ፣ በእናታችን አነጋገር። ፓስተራችን ለሙት መልእክት አይላክም እያሉ ስንት ጊዜ እንደሚገሥጹን ታውቂያለሽ። እሷ ግን እንደ ድሮ ሰው፣ በእኔ በሟቿ በኩል ላከች። ማርቆስዬ፣ አክስትህ ወደ አንተ እየመጣች ነው፤ ሮጠህ ተቀበላት፣ ለምን ዘገየሽ ብለህ እንዳትጠይቃት፣ እኔም ትቼዋለሁ አለች።

እንዴት ከአጥሩ ወደ ድንኳኑ እንደገባሁ አላውቅም። ሰዉ ሲያየኝ ጩኸቱ ለጉድ ነው። ፈትያ ያ አላህ ብላ ወደቀች፤ አቶ ተፈራ ጥሩምባውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ያቺ ሴት ብቻ አልጮኸችም። ተነሥታ አየችኝ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና በጓሮ በር ወጣች። ቀኝ እግሯን እየጎተተች። ልከተላት ስል ሰዉ አቅፎ አስቀረኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስለ መዘግየቴ ማን ነገራት? እኔ ለአንቺ፣ መልእክትሽ የደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ነው ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ፣ እህቴ። መንግሥት በተቀየረ በዓመቱ፣ አንቺ ሕፃኑን ማርቆስን ከይርጋለም አምጥተሽ እኔ ቤት ሆነሽ ስትጠብቂኝ፣ ባለሚኒባሱ ወንድሙ መልእክትሽን ይዞ ቡሹሎ የደረሰው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ትኩሳት አለው፣ አንገቱም አልዞር ብሎታል አለኝ። አንገቱም! ማጅራት ገትር መሆኑን ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። ዋርካው ሥር ለክትባት የተሰለፉ ሕፃናት ነበሩ፤ ያን ያህል አይሆንም ብዬ ራሴን አታለልኩና ጨርሼ እመጣለሁ በላት አልኩት። አንቺ ሆስፒታሉ አጠገብሽ እያለ፣ እህቴ ነርስ ናት ብለሽ እኔን ጠበቅሽ። የደረስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሌላውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ያኔ በሦስተኛው ቀን እጄን አልጨብጥም ስትይኝ ሐዘን ነው ብዬ ነበር። አሁን ሲገባኝ ወንድሙ ያኔውኑ ነግሮሻል። ስምንት ዓመት እውነቱን ይዘሽ ዝም አልሽ፤ እኔም ውሸቴን ይዤ ካርድ እልክልሽ ነበር። በጣም አፈርኩ። ይቅር በይኝ የሚለውን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እና አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያቺን ጉልበቷን የሚያማትን ሴት ይርጋለም ውስጥ ካየሻት፣ የላክሽባት ታቢታ መልእክቱን አላደረሰችም፣ ሳትሄድ ቀረች በያት። መቼ እንደምሄድም አላውቅም። ማርቆስን ሳገኘው ቃል በቃል እነግርልሻለሁ። ግን ትቼዋለሁ ያለችው ለሞተችው ታቢታ ነው። ለቆመችውም ትደግምላት እንደሆነ ጠይቂልኝ። የወጣችበትን የጓሮ በር ከቅዳሜ ጀምሮ አልቆለፍኩትም።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን በሰላም ይሙላው። ደብዳቤውን ወንድሙ ያደርስልሻል። ዛሬውኑ፣ ሳትዘገይ ብዬዋለሁ።

ያልሞተችው ታላቅ እህትሽ