ለኦቦ አማን የሚገዛው ጠመንጃ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

አዲስ ወይስ አሮጌ? ባለቤቴ ከድር ከሻሸመኔ ደውሎ አዲስ ይላል። ኦቦ አማን አሮጌ ይላሉ። በእኔ ጆሮ ውስጥ የሚጮኸው ግን የዱቄት ፋብሪካው ሰውዬ ቃል ብቻ ነው፦ እስከሚመጣው ሰኞ የታጠቀ ጥበቃ ካላቆምሽ ስንዴያችንን ሌላ መጋዘን እናስገባለን።

ከኋላችን ያለው መጋዘን ቆርቆሮው ተቆርጦ ከተዘረፈ ወዲህ ፋብሪካው ፈርቷል። አይፈረድበትም። እኔም ፈርቻለሁ። እስከ ዛሬ ሮቤ ውስጥ ስንዴ የምናስጠብቀው በአንድ ሽማግሌና በአንድ ዱላ ነው።

ሽማግሌው ኦቦ አማን ናቸው። ጡረታ የወጡ ፖሊስ። አባቴ ከሥልጤ መጥቶ ይህን መጋዘን ሲከፍት ጀምሮ በሩ ላይ ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ያኔ ቦርሳ አንግቼ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ዛሬም አርባ ሁለት ዓመቴን ይዤ “ኢንተላ ኮ”፣ ልጄ፣ ነው የሚሉኝ።

ምርጫዎቹን ልጻፋቸው፣ ምናልባት ጭንቅላቴ ይረጋ።

አሮጌው፦ ፖሊስ ከአገልግሎት ያወጣው ሾትጋን። ጎባ ነው ያለው። ፈቃድ ላለው መጋዘን በደብዳቤ ይሰጣል። ማን እንደያዘው፣ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አላህ ይወቅ።

አዲሱ፦ አዲስ አበባ፣ ፈቃድ ያለው አስመጪ ዘንድ። ውድ ነው። ከድር ወረቀቱን ጨርሶ እስከ እሑድ አደርሰዋለሁ ይላል።

የትኛውም ይሁን፣ ጠመንጃው በመጋዘኑ ስም ይሆናል። የሚይዘው ሰው ግን ዋስ ያስፈልገዋል። ዋሱ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ስለ ጠመንጃ የማውቀው ከፊቱ መቆም እንደማያዋጣ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ጠዋት ውርጩ ቆርቆሮው ላይ ነጭ ሆኖ አደረ። ከድር የአዲሱን ጠመንጃ ፎቶ በስልክ ላከ። ጭነት እያራገፍን ስለነበር እኔ ሳላየው ከፍቼ ለኦቦ አማን ሰጠኋቸው። ስልኩን ክንዳቸውን ዘርግተው ያዙት። ወደ ፀሐይ አዞሩት። ብዙ አሰቡ።

ሰደፉ ፕላስቲክ ነው አሉ። በእኛ ብርድ ይሰነጠቃል፣ አይሆንም። አሮጌው እንጨት ነው፣ እሱን እጄ ያውቀዋል አሉ።

ተናደድኩ። ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ ሲሰጡት እጅ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ ጎባ ያሉት ሰዎች አሮጌውን ካሻሻጡልን የሻይ እንሰጥዎታለን ብለዋቸው ይሆን? ይህን በመጻፌ አፈርኩ። ግን አስቤዋለሁ፣ እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ጎባ ሄድን። ኦቦ አማን የድሮውን የፖሊስ ካፖርት ለብሰው፣ አዝራሩን እስከ አንገት ቆልፈው መጡ። ሚኒባሱ ውስጥ ወንበር ለቀቁላቸው።

የፖሊስ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ጠመንጃ ተደርድሯል። ሳጅኑ ወጣት ነው፣ በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን ይችላል። ኦቦ አማን ሦስቱንም ዳሰሱና መካከለኛውን አነሱ። ሳጅኑ ሕጉ ነው፣ ፈተው ይግጠሙልኝ አለ።

ፈቱት። ምኑን እንደነኩ፣ ምኑን እንደሳቡ አላየሁም፣ ብቻ ጠረጴዛው ላይ በጠመንጃ ፋንታ ቁርጥራጭ ብረት ሆነ። እጃቸው ሲሠራ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሳጅኑ አድርገው የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ ይሉታል። ልጁ ከብድሬ ነኝ ብሎ የአያቱን ስም ሳይጨርስ ጠመንጃው መልሶ ጠመንጃ ሆነ። ቢሮው ውስጥ ያሉት አጨበጨቡ። ሳጅኑ “ዓይናቸውን እንኳ አላወረዱም” አለ። እኔማ የወለድኳቸው ይመስል ደረቴን ነፋሁ።

ሳጅኑ የአፈሙዙን ውስጥ አይተውታል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አይቼዋለሁ አሉ።

ደብዳቤው ዓርብ ይደርሳል። እኔ ዋስ ሆኜ ስፈርም እንወስደዋለን። አሮጌው ይሁን በቃ። ለከድር ደውዬ ነገርኩት። አጉረመረመ። ያጉረምርም። ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና ምሳ በላሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9



ከድር ደውሎ ፎቶውን ሳታዪ ነው የወሰንሽው አለኝ። አይቼዋለሁ ልለው ስልኬን ከፈትኩ። ፎቶው የለም። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ነው፤ ማክሰኞ የመጣው ነገር እስከ ዛሬ አልወረደም። ግራጫ አራት ማዕዘን፣ መሃሉ ላይ የምትዞር ክብ፣ ሌላ ምንም።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ታዲያ ኦቦ አማን ፕላስቲክ ሰደፍ ያዩት የቱ ላይ ነው?

ከዚያ ሳቄ ቆመ።

ከረጢት የሚቆጥሩት አንድ በአንድ እየዳሰሱ ነው። ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር።

ሻይ ስሰጣቸው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፣ ብርጭቆውን ጣታቸው ጋ እስካደርስ። ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ሰላምታ እኔ ካልጀመርኩ አይጀምሩም። እሱም ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ደግሞ ዓይናቸውን አላወረዱም። እኛ አጨበጨብን።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ወደ በሩ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ምን ብዬ ነው የምጠይቃቸው? ነገ መፈረም አለብኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ሳጅኑ ጠዋት ደወለ፣ ደብዳቤው ደርሷል፣ ነይ ፈርሚ አለ። ሥራ አለብኝ አልኩ። ሥራዬ ምን እንደነበር ልጻፍ።

ቀትር ላይ፣ ሰው ለጁምዓ ሲበተን፣ ጫማዬን አወለቅኩ። ግቢው ጠጠር ነው። በእግር ጣቴ ሄጄ ከኦቦ አማን ሦስት እርምጃ ላይ ቆምኩ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ጥላ እንኳ የለም። ፊት ለፊታቸው ነኝ።

“ኤኙ?” አሉ። ማነው ማለታቸው ነው።

ዝም አልኩ። ፊታቸው ወደ እኔ ነው፣ ዓይናቸው ክፍት ነው። ይነቁብኛል፣ ረውዳ ምን ሆነሻል ይሉኛል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። አንድ እርምጃ ተጠጋሁ፣ ጠጠሩ ተንኳኳ።

“ኤኙ?”

ሦስተኛ አልጠየቁም። በዚያ ዕድሜ ይነሳሉ ብዬ ባልጠበቅኩት ፍጥነት ተነሥተው ዱላውን አናቴ ላይ አነሡት። እኔ ነኝ፣ ረውዳ ነኝ ብዬ ጮኽኩ። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ወረደ። ቁጭ አሉ። እኔም ጠጠሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው፣ ኢንተላ ኮ?”

“ከትናንት።”

“እኔ ሁለት ዓመቴ ነው” አሉ።

ተነሡ። አጥሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ ወደ መስጊድ ሄዱ። እኔ ጫማዬን ፈልጌ አጣሁት፣ ለካ እጄ ላይ ነው።

ተናድጃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው አሉ ብዬ ተኝቻለሁ። አዝኛለሁም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ወረቀቱን ረቡዕ ቢያደርሱት ኖሮ ረቡዕ ፈርሜ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ኦቦ አማን ጫማቸውን አስጠርገው መጡ። የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። አልነካውም አልኩ። ሁለት ሽማግሌ እንደተጣላ ቁልፉን እየገፋን ተቀመጥን።

ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። ምን ብዬ? አሉ። ዘበኛ ዓይኔ ጠፋ ካለ ምን ይቀረዋል? ቤት ተቀምጬ ምራቴ ወዲህ ዞር በሉ፣ ወዲያ ዞር በሉ እያለች ልታስቀምጠኝ? አሮጌውን ጠመንጃ የፈለጉትም ለዚህ ነው። ፖሊስ ሳሉ ሃያ ዓመት እንዲህ ያለውን ይዘዋል፤ ፈትቶ ለመግጠም ዓይን አያሻቸውም። አዲሱ ቢመጣ ሁሉም ያውቅባቸዋል። ይህን ሲሉኝ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ሻይ ያስቀምሷቸዋል ብዬ የጠረጠርኩትን አስታወስኩና ወለሉን አየሁ።

ሐኪም ዘንድ እንሂድ አልኩ። እምቢ። ከገሰራ አንድ የሚያውቁት ሰው ዓይኑን ሊታከም ሄዶ ብሶበት ተመለሰ አሉ።

“ፖሊስ ሆነው ቢላ ይፈራሉ?”

“ቢላውን የያዘውን ሰው ሳላየው እንዴት አልፈራ?”

ሁለታችንም ሳቅን። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ሳብኩ። ከሳቁ በኋላ እሺ አሉ፣ ምራታቸው እንዳትሰማ ብለው። ጎባ ሆስፒታል ለምትሠራ የአጎቴ ልጅ ደወልኩላት። የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል አለች፣ በመብራት ሳይታይ አይታወቅም። ሞራ ከሆነ ሰኞ የቀዶ ሕክምና ቀን ነው፣ በጠዋት አምጪያቸው።

ሰኞ። ፋብሪካው የቆረጠውም ቀን ሰኞ ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ለከድር ነገርኩት። ጮኸ። ሮቤ ውስጥ ሰው ጠፋ እንዴ፣ ሲናና ድረስ የሚታወቅ ጎረምሳ ቅጠሪ፣ ነገውኑ የጎባውን ጠመንጃ አስይዢው አለ።

እውነቱን ነው። ችግሩ እውነቱን መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ዋለ። ሰው መቅጠር እችላለሁ። ግን በአንድ ቀን የማላውቀውን ሰው ጠመንጃ አስይዤ፣ ዋስ ሆኜ ልፈርም? በማውቃቸው ሰው እንኳ እንዲህ ተሳስቼ። ነገ ሌላ ሰው በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ ከቆመ ደግሞ ኦቦ አማን የት ሄዱ የሚለውን ከተማው ሁሉ ለራሱ ይመልሰዋል።

አልቀጥርም አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ሞራ ነው። የቀኙን ዛሬ ሠሩላቸው። የግራው ከወራት በኋላ።

ኮሪደር ላይ እያለሁ የፋብሪካው ሰው ሁለት ጊዜ ደወለ። በሁለተኛው አነሣሁ። የታጠቀ ጥበቃ የለኝም አልኩት። እሺ አለ፣ ቁጣ እንኳ የለውም። ሳጅኑም ደወለ፣ ካልወሰዳችሁት ለሌላ እሰጠዋለሁ አለ። እስከ ነገ ታገሠኝ አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

ኦቦ አማን ግማሽ ፊታቸው ታሽጎ ወጡ። ቢላ የያዘው ሰው ድምፁ ደህና ነው አሉ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ነርሷ ፋሻውን ፈታች። ኦቦ አማን ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከፈቱት። ውኃ ሞላው። መስኮቱን፣ ነርሷን፣ የገዛ እጃቸውን አዩ። ከዚያ እኔን፣ ረጅም ጊዜ።

“አርጅተሻል፣ ኢንተላ ኮ” አሉ።

ነርሷ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ፣ ምንም አላፈርኩ።

ቤት ከመሄዳችን በፊት ጠመንጃው ያለበት ቢሮ ካልሄድን አሉ። ፀሐይ መከላከያ ጥቁር መነጽራቸውን እንዳደረጉ ገቡ። ሳጅኑን ያንን መካከለኛውን አምጣልኝ አሉት። መነጽሩን አወለቁ። ጠመንጃውን ከፈቱት፣ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩና ውስጡን አዩ። አላጨበጨበም ማንም። አንድ ደቂቃ ያህል አዩት። ከዚያ “እስቲ አንተም እየው” ብለው ሰጡት።

ሳጅኑ አየና ፊቱ ተለወጠ። ውስጡ በዝገት ተበልቷል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ብረቱ ተሰንጥቋል። ይህን የተኮሰ ሰው መጀመሪያ የሚመታው ራሱን ነው አሉ ኦቦ አማን። ረቡዕ ዕለት አይቼዋለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው አሉት። ሳጅኑ ወረቀት ጽፎ አሠረበትና ለብቻው አስቀመጠው።

ሚኒባሱ ሮቤ መግቢያ ደረሰ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ “ዓርብ ዕለት እጄ ላይ የነበረው ዱላ ባይሆን ኖሮ” አሉ። አልጨረሱትም። ይተዉት አልኳቸው። አልተዉትም፣ እስክንወርድ ሁለት ጊዜ ደገሙት። 

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ስንዴው ሄደ። የፋብሪካው መኪና በመጋዘናችን በር አልፎ ሌላ መጋዘን ገባ፣ እኔም በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ከድር ዛሬ ገባ። ምሳውን በላ። ሲጨርስ፣ ካልቀረ አዲሱን እንግዛው አለ። ኦቦ አማንም አዲሱን ግዙ አሉ፣ እንጨትም ሆነ ፕላስቲክ ግድ የለኝም፣ ግን የግራው ዓይኔ እስኪሠራ ለእኔ አትስጪ። ይህን በከድር ፊት ነው የተናገሩት። ከድር ቀና ብሎ አያቸውና ሻይ ቀዳላቸው።

አሁን በሩ ላይ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ታርጋ ጮክ ብለው ያነባሉ። ጎረቤቱ ተሰላችቷል። እኔም ሒሳብ መሥራት አልቻልኩም።

ቅድም አንዱን አይሱዙ መጨረሻው ስምንት ነው ሲሉ በመስኮት አየሁ። ሦስት ነበር። ምንም አላልኳቸውም። ያልፈረምኩትን የዋስትና ወረቀት ግን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።