አርባ ሁለት ባላ በአንድ ደቂቃ ስለነቀለው አማቼ

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ሃስናዋቲ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቃሉ ግን ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፣ በቡሉኩምባ የባሕር ዳርቻ ሃምሳ አንድ ዓመት መርከብ የሠራሁት የዳኤንግ ሳንካላ። ያልኩትን ሳታለዝብ እንድትጽፍ አስምያታለሁ። የጁማይንግ ሚስት ስለሆነች፣ ለማለዘብ ብዙም የቃጣት አይመስለኝም።

ለተከበሩ ፓክ ሀጂ ሙክሊስ፣ የመርከብ ግቢያችን ዳይሬክተር፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ፣ ጉልበትዎስ? ሁለቱም እግሮችዎ በየቦታቸው ካሉ ፈጣሪ ይመስገን፤ በዚህ ወር በግቢያችን ይህን ማለት የሚችለው ሰው ቁጥሩ በአንድ ጎድሏልና ደስታዬ ከልብ ነው። ደብዳቤውን ለእርስዎ ብቻ አለመላኬን፣ በመስጊዱ ደጃፍ፣ በዓሣ ገበያውና በግቢዎ አጥር ላይ መለጠፌን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። እርስዎም ስለ አማቼ የጻፉትን ወረቀት የለጠፉት በእነዚሁ ሦስት ቦታዎች ነው፤ የተከበረ ሰው ያሳየኝን መንገድ ነው የተከተልኩት።

ያ ማኅተም ያለበት ወረቀትዎ አማቼ ጁማይንግ ባላዎቹ ሳይነሱ ሁሉም ተነስተዋል ብሎ በስልኩ ራይት እንዳደረገ፣ ለደረሰበትም አደጋ ጥፋተኛው ራሱ እንደሆነ ይናገራል። በመጪው ሐሙስም በስብሰባ እንዲጸድቅ፣ እኔም ምስክር ሆኜ አውራ ጣቴን እንዳሳርፍበት ጋብዘውኛል። ለአክብሮቱ አመሰግናለሁ። አማቼ እግሩን ሰጥቷል፤ ስሙን ግን አይወስዱም። ለምን እንደማይወስዱ በተራ በተራ ላስረዳዎት።

እርስዎ ከማካሳር ከመጡ ገና አራተኛ ዓመትዎ ስለሆነ ያላወቁት ነገር ቢኖር አይፈረድብዎትም። በእኛ ዳርቻ በሥራ ላይ ያለች መርከብ አሸዋው ላይ ግራና ቀኝ በባላ ተደግፋ ትቆማለች። እያንዳንዱ ባላ ባለቤት አለው። የተከለው ሰው ነው የሚነቅለው፤ እሱም የሚነቅለው ዋናው ሠሪ ስሙን ጠርቶ «ምታ» ሲለው ብቻ ነው። ወንድም የወንድሙን ባላ አይነካም። ከሥሩ ያለው አሸዋ ይጠንክር ይላላ የሚያውቀው ጉድጓዱን የቆፈረው እጅ ነውና። እኔ ለሠላሳ ስድስት መርከቦች ስም ጠርቻለሁ፤ አንድም ሰው ጥፍሩ እንኳ አልተነቀለም።

አንደኛ፤ ከአሥራ አራት ወር በፊት ሥራውን ሁሉ በስልክ የሚይዝ መተግበሪያ ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ሰዎቹ «የልብስ ገመድ» አሉት፤ ሥራው ሁሉ በትንንሽ ካርድ ተሰጥቶ ይውል ነበርና። እውነቱን ልናገርና እኔ ይህኛውን ወድጄው ነበር። አርባ ሁለት ባላ፣ አርባ ሁለት ካርድ፤ ማንበብ ለማንችለው ደግሞ ሃስናዋቲ በየካርዱ የባለቤቱን ፊት ለጠፈችበት። ሰውየው ባላውን ሲነቅል ፊቱ ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር ይሻገራል። ጉድለቱ የምናገረውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የሌለው መሆኑ ነበር። በግራ ሦስተኛው ባላ ሥር የድሮ ጎርፍ የቦረቦረው ባዶ እንዳለ ስናገር ከካርዱ ጀርባ ጻፉት፤ ጀርባውን ገልብጦ የሚያይ ግን አልነበረም። ቢሮዎ ግን የተማረረው በሌላ ነው፤ መርከቧን ያዘዘው ባሊ ያለው ገዢ የካርዱ ብዛት ዓይኑን አደከመው ተባለ።

ሁለተኛ፤ የገዢውን ዓይን ለማሳረፍ ሁለተኛውን አመጡ። እሱን «ሳጥን በሳጥን» አልነው። ለቃል የሚተካከለው የለም፤ ለዚህ ያለ ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ። ሦስት ቀን ተቀምጬ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ባሕሩ ሙላት፣ ከዋናው ግንድ ሁለት ጫፎች የሚቆረጠው ቁራጭ የትኛው ወደ ባሕር ተጥሎ የትኛው ቤት እንደሚቀመጥ ተናገርኩ፤ ልጄ ጻፈችው። መልሳ ስታነብልኝ አባቴ የሚናገር መሰለኝ። ሥራው ግን በዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ ሰጠመ። አርባ ሁለቱ ካርዶች «ባላ ማንሳት» የሚል አንድ መስመር ሆኑ፤ አንድ መስመር፣ አንድ ራይት። የግራው ሦስተኛ ባላ ማስጠንቀቂያም አንዱ በአንዱ ውስጥ ከሆኑ አራት ሳጥኖች ሥር ገባ፤ የመጨረሻውን ሳጥን መተግበሪያዎቹን የሚይዝልዎት የቢሮዎ ሰው ፓክ ሪድዋን «የአዛውንት ትውስታ» ብሎ ሰየመው። መርከቧ ልትወርድ ስትል በልማዳችን ከዋናው ግንድ መሐል የምበሳትን እትብቷንማ «እንደ አስፈላጊነቱ» ከሚለው ሥር አገኘኋት። እርስዎ ሲወለዱ እትብትዎ እንደ አስፈላጊነቱ ነበር የተቆረጠው?

ሦስተኛ፤ ሁለቱን አወዳድረው፣ ሁለቱንም ትተው፣ ሥራውንም ማስታወሻውንም ቀኑንም መልእክቱንም በአንድ የሚይዘውን ሦስተኛውን መረጡ። ፓክ ሪድዋን ግድግዳው ላይ በብርሃን እያሳየ ሲያስረዳን እርስዎም ፊት ተቀምጠው ነበር። እንዲህ ተባባልን፤ ካልተረሳዎት፦

«ዳኤንግ፣ ይሄኛው ሁሉን ያውቃል።»

«አሸዋውንም?»

«የተነገረውን ሁሉ ያውቃል።»

«ማን ነገረው?»

«ከድሮው ራሱ ይገለብጣል፤ እርስዎ አይጨነቁ።»

«አንተን ማን ገለበጠህ፣ የኔ ልጅ? ዝቃጩ ቀርቷል» ስለው ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ። ያን ቀን ሳቄን ውጬ አንገቱን ብይዘው ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ባላጻፍኩ ነበር።

ሲገለብጥ ምን እንዳደረገ የነገረችኝ ሃስናዋቲ ናት። ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ ስልክ ያለው ጁማይንግ ብቻ ስለነበር ግቢው በእሱ ስልክ ይጠቀም ነበር። ስለዚህ ያ የአርባ ሁለት ሰው ሥራ የነበረ አንድ መስመር፣ ባለቤት ሲታጣለት፣ በስልኩ ባለቤት ስም ገባ። በዚያ ላይ ፓክ ሪድዋን አንድ ሕግ ጨመረበት፤ የሥራው ሰዓት ሲደርስ መስመሩ ራሱ አረንጓዴ እንዲሆን። ምክንያቱም ገዢው ቀይ ማየት አይወድም። እኛም ብንጠየቅ አንወድም ነበር።

አራተኛውን ቁጥር ትቼ ያን ቀን ልንገርዎት፤ እርስዎ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በንጹሕ ጫማ ስለመጡ አላዩትም።

ባሕሩ የሚሞላው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነበር። ሁለት መቶ ሰው በገመድ መሳቡ ቀርቶ በሞተር ይሁን ብለው ስላዘዙ ገመዱ ከሞተሩ ታስሯል፤ የሞተሩ ሰው ፊቱን ወደ ፓክ ሪድዋን ታብሌት፣ ጀርባውን ወደ እኛ አድርጎ ተቀምጧል። እኔ ከአፍንጫዋ ሥር ቆሜ ስም እጠራለሁ። አርባ አንዱ ተነቅሏል፤ በአርባ አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት ተኩል። የቀረው የግራው ሦስተኛ፣ የጁማይንግ ነው። ባዶውን እስኪሞላ ድረስ እንዳይነካው ስላዘዝኩት፣ በሆዱ ተኝቶ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ከሥሩ ይጠቀጥቃል። «ጠግቧል?» ስለው «ሁለት ጆንያ ብቻ ቀርቶታል፣ አባ፤ እንደ እርስዎ ሆዳም ነው» አለኝ።

በዚህ መሐል ሰዓቱ ደረሰ። መስመሩ አረንጓዴ ሆነ። ፓክ ሪድዋን «ጨርሰዋል፣ ሳብ» አለ።

ጮህኩ፤ ሞተሩ ከእኔ በላይ ጮኸ። ገመዱ ተወጠረ፤ ባላው ከወገቡ ተሰብሮ የአንድ ሰው ቁመት የሚያህለው ስባሪ ከጆሮዬ ሥር አልፎ የኋላዬን ጀልባ በሳው። ዘጠና ቶን እንጨት ቀስ ብሎ ወደ ግራ ተኛ። ሰዎች ዘለሉ። እሱ በሆዱ ስለነበር መዝለል አልቻለም። ጭኑ ሲደቅ የሰማሁት ድምፅ እንደ ብረት የጠነከረ እንጨት በሽብልቅ ሲሰነጠቅ የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ ያን ድምፅ ሃምሳ አንድ ዓመት በደስታ ስሰማ ኖሬያለሁ፣ አሁን ሥራዬን ጠልቼዋለሁ።

ባሕሩ ደግሞ እየሞላ ነው። መርከቧን ከላዩ ለማንሳት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ውሃው ግን ደረቱ ጋ ደርሷል። መጥረቢያዬን ይዤ ጣውላውን መፍለጥ ጀመርኩ፤ ራሴ የመረጥኩት፣ ራሴ የገጠምኩት ጣውላ ስለሆነ አልበገር አለኝ። ውሃው አገጩን ሲነካ እጄን ያዘና «አባ፣ እንጨቱን ተዉት፤ እኔን ቁረጡኝ» አለ። ቀበቶዬን ከጭኑ ላይ አጠበቅኩ። ሦስት ጊዜ ነው የመታሁት። በአንድ ምት ለማድረግ አስቤ ነበር፤ ክንዴ አርጅቷል፣ ለዚህም ይቅርታ የጠየቅኩት እሱን እንጂ እርስዎን አይደለም።

እዚህ ላይ ልጄ ብዕሩን አስቀምጣ ወጥታ ነበር። ተመልሳለች። «ቀጥሉ፣ አባ» ብላኛለች።

አምስተኛ፤ በወረቀትዎ ላይ «ባልታወቁ ሰዎች ጉዳት ስለደረሰበት የቢሮ ንብረት» የጻፉትን በትሕትና አርማለሁ። ባልታወቁ ሰዎች አይደለም። ታብሌቱን ለሁለት የፈለጥኩት እኔ ነኝ፣ የአማቼ ደም ባልደረቀበት መጥረቢያ። የፓክ ሪድዋንን መንጋጋ የሰበረው ክርንም የእኔ ክርን ነው፤ ቀኙ። ሁለተኛ ልመታው ስል አርባ አንዱ ሰዎች ያዙኝ፤ ከያዙኝ መሐል አሥሩ የያዙኝ ተራ ስላልደረሳቸው ነው። ለፖሊስም ይህንኑ ነግሬያለሁ፤ ሲፈልጉኝ ቤቴን ያውቁታል። በእኔ ጥፋት ላይ የሌላ ሰው ስም እንዲጻፍ አልፈልግም። እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ልማዱን ለቢሮዎ በነፃ አቀርባለሁ።

ስድስተኛና ዋናው፤ የያዙት ማስረጃ። ሃስናዋቲ ከስልኩ ላይ አንብባልኛለች፦ «ባላ ማንሳት፣ አርባ ሁለት፣ ተጠናቋል፣ ጁማይንግ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከዜሮ ደቂቃ።» ፓክ ሀጂ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እኔ የማላውቀውን ያስረዱኝ። ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ሜትር በሆነች መርከብ፣ በግራም በቀኝም፣ አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ አርባ ሁለት ቦታ ቆሞ አርባ ሁለት ጊዜ መዶሻ አነሣ? በሆዱ ተኝቶ? ሁለቱ እጆቹ እስከ ክንዱ ድረስ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው፣ ስልኩን በምኑ ነካው? እንዲህ ያለ ሰው በግቢዎ ካለ ጥፋተኛ ብሎ ማባረር ትልቅ ኪሳራ ነው። አርባ አንዳችንን አባርረው እሱን ብቻ ቢያስቀሩ ይሻላል።

ልመናዬ አጭር ነው። ከሐሙስ በፊት፣ በማኅተም፣ በለጠፉበት በሦስቱም ቦታ፣ ስሙ ከጥፋቱ ላይ ይነሣ፤ ያን ሕግ የጨመረውና ያስጨመረው ሰው ስም በምትኩ ይግባ። ሁለተኛዋ መርከብዎ በአርባ አራት ባላ ቆማለች፤ ትልቁ የባሕር ሙላት ደግሞ ዓርብ ነው፣ ካለፈ እስከ ሌላው ጨረቃ የለም። ስሙ ካልተነሣ ማንም ባላውን አይነቅልም። አርባ አራቱም መዶሻቸውን ዛሬ ጠዋት በቢሮዎ ደጃፍ ከምረውታል፤ በሩ አልከፈት ካለዎት እሱ ነው። ማሽንዎ አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ይበቃል ካለ፣ መዶሻ ሞልቶልዎታል፤ ዓርብ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከመርከቧ ሥር ይግቡ። እኔ እንደ ልማዴ አፍንጫዋ ሥር ቆሜ ስም እጠራለሁ። አርባ አራት ጊዜ፣ የእርስዎን ስም።

ዘመንዎ ይርዘም፣ አልጋዎ ይመችዎ፣ የሚቆሙበት መሬት ሁልጊዜ ከሥርዎ ይጽና እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በሁለት ጤነኛ ክንዶች፣

ታዛዥዎ ያልሆንኩት
ዳኤንግ ሳንካላ፣ የመርከብ ሠሪ

ማስታወሻ፦ አራተኛ መተግበሪያ ለመምረጥ ልታወዳድሩ ስለሆነ አስተያየት ስጡ ብላችሁ ላካችሁት ቅጽ መልስ አለን። ትናንት ጁማይንግ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ስልኩን ሲከፍት፣ ሦስተኛው መተግበሪያችሁ የወርቅ ዋንጫ ሥዕል ልኮለት አገኘው፤ «አርባ ሁለት ሥራ በሰዓቱ አጠናቀሃል፤ እንኳን ደስ ያለህ» ይላል። ሐሙስ ይዘነው እንመጣለን። ጥፋተኛ የሚለውን ወረቀትዎንና ዋንጫውን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ከሁለቱ ውሸታም የትኛው እንደሆነ እርስዎ በሕዝብ ፊት ይነግሩናል።

በቃ ሃስና። አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ሰዎቹ ደጅ ላይ ቆመው እየሰሙ ነው፤ የባልሽ ስም ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን አትቀንሺ።