ከጠረጴዛው ሥር የነበረው ድምፅ

እኔ ኤዲት ሆልሮይድ፣ በሲኒማው ዓለም ሲልቪያ ቴምፐርሊ ተብዬ የምታወቀው፣ ዕድሜዬ ስልሳ አንድ የሆነ፣ ሥጋዬ ቢያልቅም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ማንም ሳያባብለኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ ኖቬምበር 14 ቀን 1961 ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሴንት ሌናርድስ ከተማ በፔል መንገድ ቁጥር 9 በሚገኘው ቤቴ፣ በአልጋዬ ላይ እንዳለሁ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። ከዚህ በፊት የተናዘዝኩት ሁሉ ፈራሽ ነው።

እናገራለሁ ስል ግን ድምፅ የለኝም። የጉሮሮ ነቀርሳ በሴፕቴምበር ወር ጠራርጎ ወስዶታል፤ ሐኪሙም ገናን እንደማላይ ነግሮኛል። ስለዚህ እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ አብራኝ የምትኖረው ሄቲ ታፕሰል ከንፈሬን አይታ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ የሕግ ጸሐፊው ሚስተር ፐርኪስ ይጽፋሉ፤ የጻፉትንም መልሰው ያነቡልኛል። ልክ ከሆነ በአዎንታ ራሴን እነቀንቃለሁ። ይህ የከንፈር ንግግር የትውልድ ከተማዬ የኦልደም ነው። እናቴም እኔም በጥጥ ፋብሪካ ሸማኔዎች ነበርን፤ ሦስት መቶ የሽመና መኪና በሚያጓራበት አዳራሽ ጆሮ ዋጋ የለውምና ሐሜቱም ስድቡም የፍቅር ወሬውም በከንፈር ነበር። ለሄቲ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

በዚህ ክፍል የተባለው ሁሉ አንድም ሳይቀር እንዲጻፍ አዝዣለሁ። ሚስተር ፐርኪስ «እመቤቴ፣ ኑዛዜ እንዲህ ተደርጎ አይጻፍም» አሉ። የምሞተው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ? ይጻፉ።

አንደኛ። በሳሎኑ ያለውን ትልቁን መስታወትና የእኔን ፎቶግራፎች ከብር ክፈፋቸው ጋር ለወንድሜ ልጅ ለሴድሪክ ሆልሮይድ ሰጥቻለሁ። ከዚህ ሌላ ከእኔ ሊያገኝ የሚገባው ነገር የለም። ባለፈው እሑድ ሊጠይቀኝ መጥቶ እጄን ሳይጨብጥ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳ ጀመር፤ «እርጥበት ገብቶታል፣ ዋጋውን ያወርደዋል» ይላል። ሄቲ ሻይ እየቀዳችለት «አንቺስ መቼ ነው የምትወጪው?» አላት። እኔ እዚሁ በዐይኔ እያየሁ! የፊታችን ቅዳሜ በባቡር ተመልሶ ይመጣል፤ እኔ የምቸኩለውም ለዚህ ነው። ምክሬ ይህች ናት፦ ልጄ ሴድሪክ፣ ሰው ሳይሞት ግድግዳው አይንኳኳም።

ሁለተኛ። የአባቴን የኪስ ሰዓት ለጎረቤቴ ለዓሣ ሻጩ ለአልበርት ድሬይ፣ ጃንጥላዬን ደግሞ ለነርሷ ለሲስተር ብሪጅት ማኬና ልናዘዝ ስል ሚስተር ፐርኪስ እጃቸውን አነሱ።

«አይሆንም እመቤቴ። ሁለቱ ምስክሮች ናቸው። በሕጋችን በኑዛዜ ላይ በምስክርነት የፈረመ ሰው ከዚያ ኑዛዜ ምንም አይወርስም። ፊርማው ይጸናል፤ ስጦታው ይሰረዛል።»

«ሦስተኛ ሆኖ ቢፈርምስ?» አለች ሲስተር ብሪጅት።

«ሦስተኛም ይሁን ዐሥረኛ። የፈረመ አይወርስም።»

«ጉድ በል!» አለ ድሬይ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ምርጥ ምርጡን ዓሣ ያመላለስኩት ለፊርማ ኖሯል!»

ሁሉም ሳቁ። ሄቲ ብቻ አልሳቀችም፤ ሚስተር ፐርኪስን ትክ ብላ ታያቸዋለች። ሰዓቱንና ጃንጥላውን አሁኑኑ በቁሜ ከእጄ ተቀብለዋልና ሕጉም እነሱም አይጣሉ።

ሦስተኛ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጥቁር የሐር ጫማ ለሄቲ ታፕሰል ሰጥቻለሁ። ምክንያቱን እሷ ታውቀዋለች፤ ሌላው ሰው ግን አያውቅምና ልናገር።

በ1929 ፊልም መናገር ሲጀምር እኔ ዐሥራ አንድ ድምፅ አልባ ፊልሞች ሠርቼ ነበር። ፖስታ ቤት ሄጄ ቴምብር መግዛት እስኪያቅተኝ ድረስ ሰው ይከብበኝ ነበር። ድርጅቱ ድምፄን ቀድቶ ሲያዳምጥ ዳይሬክተሩ ራሱን ይዞ «ፊቷ የመኳንንት፣ አፏ የጥጥ ፋብሪካ! አለቀልን!» አለ። በሳምንቱ ሄቲን አመጡ። የክሮይደን ልጅ፣ በቲያትር ቤት ትንንሽ ቦታ የምትሠራ፣ መልኳ የማይታወስ፣ ድምፅዋ ግን ሲሰሙት ሆድ የሚያባባ። ልብሱ መሬት የሚደርስ ጠረጴዛ ተዘጋጀ። ሄቲ ማይክሮፎኑንና ጽሑፉን የምታነብባት አንዲት ትንሽ አምፖል ይዛ ከሥሩ ትንበረከካለች። እኔ በዚያ ጥቁር ጫማ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ መታ ሳደርግ እሷ ትናገራለች፤ እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። የሸማኔ ልጅ ነኝና አንድም ጊዜ አልሳትኩም።

ሰባት ፊልም እንዲህ ሠራን። ሕዝቡ «የሲልቪያ ድምፅ» እያለ አበደ። በፊልሙ መጀመሪያ የጫማ አቅራቢው ስም ሳይቀር ይጻፋል፤ የሄቲ ስም ግን የትም አልነበረም። ዛሬ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ደግፋ የምትወጣው ጉልበቷን እዚያ ጠረጴዛ ሥር ጥላው ነው።

(ሄቲ ይህን ካለች በኋላ ከራሷ ጨምራ፦ «ጉልበቴን የጎዳው የዚህ ቤት ደረጃ ነው» አለች። ውሸቷን ነው።)

አራተኛ። ይህን ቤት ከነዕቃው ለሄቲ ታፕሰል አውርሻለሁ።

እዚህ ላይ ምን እንደ ሆነ ይጻፍ። እኔ «ለሄቲ» አልኩ። እሷ ዐይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ «ቤቱን ለሴድሪክ አውርሻለሁ» አለች። ሚስተር ፐርኪስ መልሰው ሲያነቡልኝ አልጋውን በጥፊ መታሁት።

«ሄቲ፣ ያልኩትን በይ!» አልኳት በከንፈሬ።

«ያልሽውን አልኩ።»

«አላልሽም! እኔ ድምፅ የለኝም እንጂ ጆሮ አለኝ!»

«ኤዲ፣ ተይኝ። እህቴ ክሮይደን የጓሮ ክፍል አላት።»

«መስኮት የሌላት? እህትሽ በየሰበቡ የምትወቅስሽ? እዚያ ገብተሽ አንድ ክረምት የምትከርሚ ይመስልሻል?»

ሲስተር ብሪጅት መሐል ገብታ «ሚስ ታፕሰል፣ ለታማሚ ሲባል እንኳ ይበሉላቸው» አለቻት። ያኔ ሄቲ ፊቷ ደም መስሎ «ለሄቲ ታፕሰል» አለች፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ሚስተር ፐርኪስ ግን ብዕራቸውን አስቀምጠው «እመቤቴ፣ የወንድምዎ ልጅ ፍርድ ቤት ቢሄድ፣ 'ቃሉ ሁሉ ከወራሿ አፍ የወጣ ነው፤ ለቤቱ ስትል የፈጠረችው ነው' ሊል ይችላል» አሉ። ይበላ! እኔ በየአንቀጹ ራሴን ነቅንቄአለሁ፤ ምስክሮቼም አይተዋል።

አምስተኛ። ይህን አንቀጽ በራሴ እጅ እጽፈዋለሁ። ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ሄቲ ገና ከመጀመሪያው ቃል ምን ልል እንደ ሆነ አውቃ ፊቷን አዞረች። «ይህንን አልናገርልሽም» አለች። አፈር ስሆንልሽ ብዬ ለመንኳት፤ አላየችኝም። ከንፈርን ላላየ ሰው ደግሞ መጮህ አይቻልም። እጄ ብዙ መጻፍ አይችልምና ጽሕፈቴን ሚስተር ፐርኪስ አስተካክለው ይገልብጡት።

በ1932 በጸደይ አንድ ጋዜጠኛ ነገሩን ደረሰበት። ድርጅቱ ጋዜጠኞችን ሁሉ ሻይ ጋበዘና እኔን መሐል አስቀመጠኝ። ሄቲም መጣች። የጠራኋት እኔው ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት «ነገ እውነቱን እናገራለሁ፤ አዲሱን ቀሚስሽን ልበሽ» ብያት ነበር። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ ጓንት አጥልቃ በር ላይ ቆመች። ጋዜጠኛው በእጁ እያመለከታት «የሚሰማው ድምፅ የዚህች ሴት ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» አለኝ። አርባ ሰው ያየኛል። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ «አላውቃትም። በየቀኑ በራችን ላይ የምትቆም ምስኪን እብድ ናት» አልኩ። ሰዎቹ ሳቁ። ዘበኛው ክንዷን ይዞ አስወጣት። እሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ያ ድምፅ እያላት አንድ ቃል!

ከዚያ ወዲያ «እብዷ ውሸታም» ተብላ ቲያትር ቤቶች ሁሉ በራቸውን ዘጉባት። እኔም አንድ ፊልም በገዛ ድምፄ ሠራሁ፤ ሌስተር ከተማ ሲታይ ሕዝቡ ከመጀመሪያዋ «ደህና አመሻችሁ» ጀምሮ ሳቀብኝ፤ በዚያው አበቃ። በ1934 ፈልጌ ሳገኛት በአንድ የወተት ድርጅት ጠርሙስ ታጥብ ነበር። «ለሁለት ሳምንት መጥተሽ ባሕር እይ» አልኳት። ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት። በሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቀን አልረገመችኝም፤ አንድ ቀን አላነሳችብኝም። ብትረግመኝ በወደድኩ! በየጠዋቱ እንቁላል ቀቅላ፣ ጫፉን ቆርጣ፣ ጨው ነስንሳ ስታመጣልኝ፣ ዛሬስ ትናገረኝ ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ልናገር ስል ድምፁ የለም።

ስለዚህ በእግዚአብሔርና በእነዚህ ሰዎች ፊት እላለሁ፦ በሰባቱ ፊልሞች ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የሄቲ ታፕሰል ነው። እብድ አልነበረችም። ውሸታሟ እኔ ነበርኩ። ስሞት ይህ አንቀጽ ለጋዜጦች ይላክ፤ በመቃብሬ ድንጋይ ላይም ከስሜ ሥር ስሟ ይቀረጽ።

ስድስተኛ። የቀረኝ ልመና እንጂ ኑዛዜ አይደለም፤ ይህንንም በእጄ እጽፋለሁ። ሄቲ፣ ቤቱን ተቀበይ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ያን ለማለት ፊት የለኝም። ሴድሪክ ሻንጣሽን መንገድ ላይ ሲያወጣው ከመቃብር ውስጥ እንዳላይ ብቻ ተቀበይ። አንድ ጊዜ ከበር አስወጥቼሻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳስወጣሽ አታድርጊኝ።

ቃሌ ይኸው ነው። ከዚህ በታች በገዛ እጄ ፈርሜአለሁ።

ኤዲት ሆልሮይድ

የጸሐፊው ማስታወሻ። የተባለው ሁሉ እንዲጻፍ በተሰጠኝ ትእዛዝ መሠረት ከፊርማው በኋላ የሆነውን እጨምራለሁ። ተናዛዧ በሁለቱ ምስክሮች ፊት ፈረሙ፤ ከዚያ ሚስተር ድሬይ፣ ቀጥለውም ሲስተር ማኬና ፈረሙ። ወረቀቱን ላጥፍ ስል ሚስ ታፕሰል ከአልጋው ራስጌ ተነሥተው፣ ግድግዳውን ደግፈው መጡና ብዕሩን ከእጄ ወሰዱ።

«ሚስ ታፕሰል፣ ቀደም ብዬ የተናገርኩትን ሰምተዋል። ከፈረሙ ቤቱን ያጣሉ። በኑዛዜ ያልተያዘ ንብረት ለሥጋ ዘመድ ስለሚሄድ ቤቱ ለሚስተር ሴድሪክ ይሆናል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«እርስዎ ራስዎ አሉ እኮ! ቤቱን ከወሰድኩ 'ለቤቱ ስትል የፈጠረችው ነው' ይላሉ። አንዴ ውሸታም ተብያለሁ፤ ሁለተኛ አልባልም። ምንም ያላገኘ ሰው የመሰከረውን ግን ማን ይክዳል?»

ተናዛዧ አልጋውን በሁለት እጃቸው ይመቱ፣ ራሳቸውን በእምቢታ ይወዘውዙ ነበር። እንባቸው ትራሱን አርሶታል። ሚስተር ድሬይ «እትዬ ሄቲ፣ እባክዎ! ክረምት እኮ ነው!» ቢሉም ሚስ ታፕሰል አልሰሟቸውም። ቀስ ብለው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያሳመሩ ፈረሙ። ፈርመውም ስማቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት።

ከዚያ በአልጋው ግርጌ ብርድ ልብሱ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የተናዛዧ እግር የአልጋውን እንጨት ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ሚስ ታፕሰል ዘወር አሉ። ተናዛዧ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ሚስ ታፕሰልም ዐይናቸውን ሳይነቅሉ አዩአቸው።

«ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሚስ ታፕሰል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የወጣው ድምፅ እስካሁን ሲያስጽፉኝ ከሰማሁት የተለየ ነበር፤ በሕይወቴ እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«'አንቺ ግትር፣ ክረምቱን የት ልትገቢ ነው?' ትላለች።»

ጽፌ መልሼ አነበብኩት። ተናዛዧ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንደኛ ምስክር፦ አልበርት ድሬይ። አድራሻ፦ ፔል መንገድ ቁጥር 11። ሥራ፦ ዓሣ ሻጭ።

ሁለተኛ ምስክር፦ ብሪጅት ማኬና። አድራሻ፦ የነርሶች መኖሪያ፣ ሴንት ሌናርድስ። ሥራ፦ ነርስ።

ሦስተኛ ምስክር፦ ሄቲ ታፕሰል። አድራሻ፦ እስከ ዛሬ ፔል መንገድ ቁጥር 9። ሥራ፦ የሲኒማ ተዋናይት።